የ12ኛ ክፍል ሒሳብ የሚወድቀው የት ነው?

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ይፋ ሲሆን አገር ደነገጠ። ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻሉ አይካድም፤ ቢሆንም ዛሬም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ግማሹን አያመጣም።

ከነዚህ ቁጥሮች በፊት የነበረውንም መርሳት አይገባም። በ2008 ዓ.ም ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተሰራጨ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጥቷል። የኩረጃ ወሬም ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። የ2014 ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ የተደረገው ይህን ለመቁረጥ ነበር። ስለዚህ 3.3 በመቶ የአንድ ዓመት ስንፍና ሳይሆን መሸፈኛው ሲነሳ የታየ የቆየ ጉዳይ ነው።

ይህ ዳሰሳ ከስድስቱ የፈተና ዓይነቶች ሒሳብን ለይቶ ያያል። ሒሳብ የተፈጥሮም የማኅበራዊም ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው ነው፤ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ አፕቲቲዩዱም በእሱ ላይ ይደገፋሉ። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ተማሪው ለሒሳብ የሚዘጋጅባቸው መንገዶች ምን ያህል ይጠቅማሉ? ውድቀቱስ በትክክል የሚጀምረው የት ነው?

ሒሳብን ትቶ ማለፍ ይቻላል?

ብዙ ተማሪ ሳይናገረው የያዘው ስልት አለ፦ «ሒሳብን ልተወውና በሌላው ልካካስ»። ስልቱን በቁጥር እንመዝነው። ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ ድምሩ ከ600፣ ማለፊያው 300። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ሳያነብ ያጠቆረ ሰው በአማካይ ሩቡን ያገኛል፤ 25 እንበል። ቀሪውን 275 ከአምስት ትምህርት ማምጣት አለበት፤ በእያንዳንዱ 55 ማለት ነው። በወረቀት ላይ የሚቻል ይመስላል። ችግሩ ከአምስቱ ውስጥ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በቀመር የተሞሉ መሆናቸው፣ የአፕቲቲዩዱም አንድ ክፍል የቁጥር ጥያቄ መሆኑ ነው። ሒሳብን የተወ ተማሪ አንድ ትምህርት የተወ ይመስለዋል እንጂ የተወው ከሁለት በላይ ነው።

ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ መሸሽም አላዳነም። በ2014ቱ ፈተና ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8 በመቶ ሲያልፉ ከማኅበራዊ ሳይንሱ ያለፉት 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያ በኩልም የሒሳብ ወረቀት አለ። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሸሽ ተማሪ ደግሞ ወረቀቱ ፊት ለፊቱ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን አላፍታታም።

የወረቀቱ ጠባይ

ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ይሸፍናል። በተማሪ እጅ የሚዞሩት የቀድሞ ዓመታት የሒሳብ ቡክሌቶች በአብዛኛው 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት የሚሠራባቸው ናቸው። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ከ3 ደቂቃ ያነሰ ነው። ካልኩሌተር አይፈቀድም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንበብ፣ መንገዱን መለየት፣ በእጅ ማስላትና አንሰር ሺት ላይ ማጥቆር ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት «ይህን ምዕራፍ ታውቃለህ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ሳይነገርህ ትለየዋለህ?» ብሎ ይፈትናል። የዝግጅቱ ዋና ጉድለት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያለው መልመጃ ሁሉ ምዕራፉ አናቱ ላይ ተጽፎ የሚሰጥ ነውና።

አንድ ሊሚት ቀረብ ብለን ስናየው

በ12ኛ ክፍል ካልኩለስ የተለመደ ዓይነት ጥያቄ እንውሰድ። ኤክስ ወደ 1 ሲጠጋ የአንድ ክፍልፋይ ሊሚት ይጠየቃል። የክፍልፋዩ ላይ «የኤክስ ሲደመር 3 ስኩዌር ሩት፣ ሲቀነስ 2» ነው፤ ታቹ «ኤክስ ሲቀነስ 1»። ተማሪው በኤክስ ቦታ 1ን ሲተካ ላይም ታችም ዜሮ ይሆንበታል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የ12ኛ ክፍል ዕውቀት አንድ መስመር ነው፦ ዜሮ ለዜሮ ሲመጣ ሊሚቱ የለም ማለት አይደለም፤ መልኩን ቀይረህ ሥራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የታች ክፍል ትምህርት ነው። ላዩንም ታቹንም በኮንጁጌቱ ማባዛት፣ የሁለት ስኩዌሮችን ልዩነት መጠቀም፣ ላይ የቀረው «ኤክስ ሲደመር 3 ሲቀነስ 4» ያው «ኤክስ ሲቀነስ 1» መሆኑን ማየት፣ ከታቹ ጋር ማጣፋት። የሚቀረው 1 ሲካፈል ለ«ስኩዌር ሩቱ ሲደመር 2» ነው። 1 ሲተካ ስኩዌር ሩቱ 2 ይሆናል፤ መልሱ አንድ አራተኛ።

ይህን ጥያቄ የሳተ ተማሪ «ሊሚት አልገባኝም» ይላል። መምህሩም ይህን ሰምቶ ሊሚትን እንደገና ያስረዳዋል። ሊሚቱ ግን ገብቶታል፤ ያልገባው 9ኛ ክፍል ላይ የተዘለለው ራሽናላይዝ ማድረግ ነው። የፈተናው ዝግጅት ሁሉ የሚስተው ይህን ነጥብ ነው፦ ጥያቄው 12ኛ ክፍል ላይ ይጠየቃል፤ የሚወድቀው ግን 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ነው። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የከበደው ኢንኢኳሊቲን በግራፍ ማስቀመጥ አልለመደም። በንግድ ሒሳብ ውስጥ የወለድ ጥያቄ የያዘው ሎጋሪዝምና ኤክስፖነንት ላይ ተንጠልጥሏል። ዴሪቬቲቩን በትክክል ያወጣ ልጅ «ፈንክሽኑ የት ላይ ይጨምራል?» ሲባል የሚቆመው ፋክተር ማድረግ ስላቃተው ነው።

ክፍተቱ ለምን ሳይታይ ቆየ?

አንደኛው ምክንያት በመካከል ያለው ማጣሪያ መነሳቱ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ በአዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ቀርቷል። ፈተናው መቅረቱ ብዙ ልጆችን በለጋ ዕድሜያቸው ከመባረር ስላዳነ የሚያስቆጭ አይደለም። ነገር ግን ማጣሪያው ሲነሳ በቦታው ክፍተት የሚለይ ምርመራ አልተተካም። ስለዚህ ተማሪው ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ ጉድለቱን በአገር አቀፍ ሚዛን የሚያየው 12ኛን ጨርሶ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ኮቪድ ነው። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የ2014ቱ ተፈታኞች 10ኛ ክፍል ነበሩ፤ የ2015ቱ 9ኛ፣ የ2016ቱ 8ኛ፣ የ2017ቱ 7ኛ። ዝቅተኛውን ውጤት ያስመዘገቡት የ10ኛና የ9ኛ ክፍልን ሁለተኛ መንፈቅ ያጡት የሁለቱ ዓመታት ተፈታኞች ናቸው። በአገሪቱ የነበረውን ጦርነት፣ መፈናቀሉንና የፈተናውን አሰጣጥ ለውጥ ሳንቆጥር አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን የጠፋው መንፈቅ ዓመት በቀላሉ የሚካካስ አይደለም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ልጆች ታችኛውን ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ እንደየክልሉ በተለያየ ክፍል ላይ ሒሳቡ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። «ሦስት ሳንቲም ሲወረወር ቢያንስ አንድ ዘውድ የመውጣት ዕድል ስንት ነው?» ብለው በአማርኛ ቢጠይቁት ከስምንት ሰባት ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ሲያነበው «ቢያንስ» የሚለውን አልፎ «አንድ ብቻ» ብሎ ያስብና ከስምንት ሦስት ላይ ያጠቁራል። ሁለቱም መልስ ምርጫው ውስጥ አለ።

አራተኛው መጽሐፍ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ዘግይቶ ደርሷል፤ ብዙዎች የጀመሩት በሶፍት ኮፒ ነው። ስልክ ያለው ልጅ በስልኩ አነበበ፤ የሌለው ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ገለበጠ። ሒሳብን ያለ መልመጃ መጽሐፍ መማር ደግሞ ምሳሌ እያዩ መቅረት ነው።

የሚዘጋጁባቸው መንገዶች

በመጀመሪያ ቲቶሪያል። አዲስ አበባና ትላልቅ ከተሞች ውስጥ አቅም ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል፤ ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜና እሑድ ያስጠናሉ። በክረምት ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ልጆች በበጎ ፈቃድ የሰፈራቸውን ተማሪ ያስተምራሉ። ጥሩ አስጠኚ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ልጁ ሲሠራ ዝም ብሎ ያያል። መጥፎው እስክሪብቶውን ራሱ ይይዛል። ወላጅ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የልጁን ደብተር ቢገልጥ ይበቃል፤ በደብተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የማን ነው? የተሰረዘና የተስተካከለ ነገር ከሌለበት ልጁ አልሠራም፤ ገልብጧል።

ቀጥሎ አጋዥ መጻሕፍትና ሾርት ኖት። ቀመርን በአንድ ገጽ መሰብሰቡ ለክለሳ ይጠቅማል። ተማሪው ራሱ ያዘጋጀው ከሆነ ነው እንጂ ከሌላ ሰው ፎቶ ኮፒ የተደረገው ብዙ አይረዳም። ቀመሩ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ የሚነግረው ራሱ ሲያወጣው ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪ ዋና ቅሬታ «ፕላዝማው አይጠብቅም» የሚል ነበር፤ ጥያቄውን አንብበህ ሳትጨርስ መልሱ ይመጣል። የዛሬው ዩቲዩብና ቴሌግራም ያንን ቅሬታ በግማሽ ፈትቷል፤ ቪዲዮው ይቆማል፣ ይመለሳል፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያስረዳ መምህር ይገኛል። ገጠር ያለ ልጅ ኢንተርኔት ካገኘ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ መምህር ይሰማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀረው ግማሽ ግን አልተፈታም፤ ተማሪው ቪዲዮውን አያቆመውም። ሲሠራ እያየ «ገብቶኛል» ይላል፤ ብቻውን ሲቀመጥ ይጠፋበታል። በዚያው ቴሌግራም ላይ በፈተናው ሰሞን «ፈተናው ወጥቷል» እያሉ የሐሰት ወረቀት የሚሸጡም አሉ። ለእነሱ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻዎቹ የጥናት ሌሊቶችም አብረው ይጠፋሉ።

በመጨረሻ የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎች፣ በተማሪው አፍ «የማትሪክ ጥያቄ»። ከሁሉም የሚሻለው መሣሪያ ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚበላሸውም ይኸው ነው። ብዙዎች ጥያቄውን ከመልሱና ከማብራሪያው ጋር እንደ ታሪክ መጽሐፍ ያነቡታል። አሥር ዓመት ቡክሌት «ጨረስኩ» የሚል ተማሪ አንዱንም በሰዓት ቆጥሮ፣ መልሱን ሸፍኖ አልሠራ ይሆናል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

የሰው ልጅ አጠናን ለረጅም ጊዜ የተጠና ነገር ነው። ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ አሥር የታወቁ የአጠናን ዘዴዎችን አወዳድረው ነበር። ከፍተኛ ጠቀሜታ አላቸው ያሏቸው ሁለት ናቸው፦ ራስን መፈተንና ጥናቱን በጊዜ አራርቆ መከፋፈል። ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ከዝቅተኛዎቹ ተርታ ናቸው። የእኛ ተማሪ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ለሒሳብ ይበልጥ የሚቀርበው በአሜሪካ ፍሎሪዳ የተደረገው የዳግ ሮረርና የባልደረቦቹ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። በ54 የ7ኛ ክፍል ክፍሎች ያሉ ተማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተሰጣቸው። ገሚሶቹ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው እየሄዱ ሠሩ፤ ገሚሶቹ የተለያየ ዓይነት ጥያቄ ተቀላቅሎ ቀረበላቸው። ከአንድ ወር በኋላ ሳይነገራቸው ሲፈተኑ ተቀላቅሎ የሠሩት በአማካይ 61 በመቶ፣ በየዓይነቱ የሠሩት 38 በመቶ አመጡ። ጥያቄው ያው ነው፤ የተለየው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የፈተናው ወረቀት የተቀላቀለ ነውና።

የተሠራ ምሳሌ ማየት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጆን ስዌለርና ግራም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 በአልጀብራ ላይ እንዳሳዩት ገና ጀማሪ የሆነ ተማሪ በራሱ ከመዳከር ይልቅ የተሠሩ ምሳሌዎችን በጥሞና ማየቱ ይረዳዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አዲስ ርዕስ ሲጀመር ሁለት ሦስት ምሳሌ ማየት፣ ወዲያው መጽሐፉን ዘግቶ ተመሳሳዩን መሥራት፣ ከቀናት በኋላ ከሌሎች ርዕሶች ጋር ቀላቅሎ መመለስ። ቪዲዮውም አጋዡም የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቦታ አላቸው፤ ስህተቱ እዚያው መቅረት ነው።

ከስህተት መማር በተግባር

የምርጫ ጥያቄ ለአጥኚ የሚሰጠው አንድ ጥቅም አለ፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው አይቀመጡም። ይህን እንመልከት፦ የመጀመሪያ ተርሙ 5፣ የጋራ ልዩነቱ 3 የሆነ አሪትሜቲክ ሲኩዌንስ የመጀመሪያዎቹ 20 ተርሞች ድምር ስንት ነው? ምርጫዎቹ 62፣ 670፣ 700 እና 1340 ይሁኑ።

ትክክሉ 670 ነው፤ 10 ሲባዛ በ67። 62ን የመረጠ 20ኛውን ተርም አግኝቶ ቆሟል፤ «ድምር» የሚለውን አላነበበም። 700ን የመረጠ በ19 ፈንታ በ20 አባዝቷል፤ ቀመሩን ሸምድዷል እንጂ ለምን አንድ እንደሚቀነስ አያውቅም። 1340 ያለው ለሁለት ማካፈሉን ረስቷል። ሦስት ተማሪዎች ሦስቱም ዜሮ ያገኛሉ፤ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄውን ቀስ ብሎ ማንበብ ይለማመድ፤ ሁለተኛው ሐሳቡን እንደገና ይማር፤ ሦስተኛው ሲጨርስ መልሱን የመፈተሽ ልማድ ያብጅ።

ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ተማሪው ቡክሌት በሰዓት ሠርቶ ካረመ በኋላ የሳታቸውን ብቻ ይመዘግባል፦ ርዕሱ፣ የተሳተበት መስመር፣ ምክንያቱ፤ ሐሳብ፣ ስሌት፣ ንባብ ወይስ ጊዜ። ሦስት አራት ቡክሌት እንደሠራ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። «ካልኩለስ ይከብደኛል» ሲል የኖረ ልጅ ግማሹ ስህተቱ ክፍልፋይና ምልክት ላይ መሆኑን ያያል። ያኔ ወደ 9ኛ ክፍል መጽሐፍ መመለስ እንደ ውርደት መታየቱ ይቀራል።

ጊዜን በተመለከተ አጭር ምክር ይበቃል። የታችኛውን ክፍል መጠገን የ11ኛ ክፍል ክረምት ሥራ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የየሳምንቱ መልመጃ አዲሱንና አሮጌውን የቀላቀለ ይሁን። የመጨረሻዎቹ ወራት ሙሉ ቡክሌት በሙሉ ሰዓት የሚሠራባቸው ናቸው፤ ሞዴል ፈተናም የሚጠቅመው እንደ እውነተኛው ከተሠራ ነው። በፈተናው ቀን የሚታወቁትን አስቀድሞ መሥራት፣ አንድ ጥያቄ ላይ አለመሟገት፣ ሲዘሉ አንሰር ሺቱ ላይ ቁጥር እንዳይዛባ መጠንቀቅ ይገባል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከተፈታኞች ከፊሉ በኦንላይን እየተፈተነ ስለሆነ ጥያቄውን ከስክሪን እያነበቡ ስሌቱን በወረቀት መሥራትም መለመድ አለበት።

ከተማሪው በላይ ያለው

ይህ ሁሉ ምክር ግን ወሰን አለው። በ2015 ዓ.ም 1,328፣ በ2016 ዓ.ም 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ስለ ጥናቱ መጠየቅ ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ ግን ጥያቄው ስለ መምህሩ፣ ስለ መጽሐፉና ስለ ታችኛው ክፍል ነው። በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጥሩ ውጤት ማምጣታቸውም ለሌላው ሁሉ መፍትሔ አይሆንም፤ ክፍተት የሌለበትን ልጅ መርጠው ነው የሚጀምሩት። 50 በመቶ ላላመጡት የተከፈተው ሬሜዲያል ብዙዎችን ቢደግፍም በ9ኛ ክፍል የጎደለውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመሙላት መሞከር ነው፤ ውድ ጥገና፣ በዘገየ ሰዓት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። የ12ኛ ክፍል ሒሳብን በ12ኛ ክፍል ብቻ ማዳን አይቻልም። ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ ለ9ኛ ክፍል ገቢዎች የክፍልፋይ፣ የአልጀብራና የንባብ ምርመራ ይስጡ፤ ማንንም ለመጣል ሳይሆን የጎደለውን ለማወቅ። ትምህርት ሚኒስቴርና የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም አንድ ነገር ቢያደርጉ ጥቅሙ ሰፊ ነው፦ ተማሪው በየትምህርቱ ካገኘው ድምር ጎን ለጎን የሒሳቡ ውጤት በየርዕሱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ይድረስ። «ተማሪዎችህ ከመቶ ይህን ያህል አመጡ» የተባለ መምህር ከማዘን በቀር የሚያደርገው የለም። «ተማሪዎችህ ሎጋሪዝም ላይ ወደቁ» የተባለ መምህር ግን ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያስተምር ያውቃል።